«ተገጭቶ» ነው «ተጋጭቶ»? በአደጋ ሪፖርት ላይ ያለች አንዲት ፊደል

የሰፈር ልጅ፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። የዛሬ ጥያቄዬ የመጣው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከፖሊስ ጣቢያ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ከአንድ ወር ተኩል በፊት በጭነት መኪና አደጋ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ካሳ ለመጠየቅ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ይዘን ወደ መኪናው መድን ድርጅት ሄድን። ሠራተኛው ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ተጋጭቶ ነው የሚለው። እንግዲህ ጥፋቱ የጋራ ነው» አለን። እኔ ግን እዚያው መስመር ላይ «ተገጭቶ» ነው ያነበብኩት። ጽሑፉ የእጅ ነው፣ ያውም የካርቦን ኮፒ። ገ ይሁን ጋ እግዜር ይወቀው። ለመሆኑ በአንዲት ፊደል ይህን ያህል ልዩነት ይመጣል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ይመጣል እንጂ! «ተገጨ» ካልክ አንድ ገጪ፣ አንድ ተገጪ አለ። «ተጋጨ» ካልክ ሁለቱም ገጪ፣ ሁለቱም ተገጪ ናቸው። ተሰደበ እና ተሳደበ፣ ተመታ እና ተማታ እንደምንለው ነው። «ከውሻው ጋር ተናከሰ» የሚል ወረቀት ይዘህ የውሻ ንክሻ ካሳ ብትጠይቅ ማን ይሰማሃል?

ግን ሠራተኛው ቸኩሏል። «መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጨ» እንላለን አይደል? ዛፉ ቦታውን ለቆ አልመጣም። በዕለት ተዕለት አነጋገር «ተጋጨ» መነካካትን ብቻ ሊናገር ይችላል። ጥፋት የማን እንደሆነ ከዚህ ግስ ብቻ አይወጣም።

ጠበቃዋ፦
የሰፈር ልጅ፣ ወንድምህን እግዜር ይማረው። ሠራተኛው ከሰማይ አላመጣውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል ይላል። ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። ነገር ግን ያው ቁጥር ሳይጨርስ ዞር ይላል። አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ግማሽ ግማሹ ይቀራል።

እናንተ የቃላት ሰዎች ስለሆናችሁ «ይገመታል» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። የሕግ ግምት ጥርጣሬ አይደለም፤ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እውነት የሚያዝ ነገር ነው። እዚያው ሪፖርት ላይ «የንብረት ጉዳት ግምት» ሲባል ደግሞ ዋጋ ነው፣ በብር። «በግምት 3 ሜትር» ሲል ፖሊሱ በዓይኑ ለክቶታል ማለት ነው። አንድ ቃል፣ ሦስት ሥራ። ደንበኞቼ ሦስቱን እየቀላቀሉ ስንት ጊዜ አከራክረውኛል።

የድሮ ሹፌር፦
እኔ ሰዋስው አላውቅም፣ መንገድ ግን አውቃለሁ። በሠላሳ ዓመት ሹፌርነት «ገጨሁ» የሚል ሹፌር አንድም ቀን አልሰማሁም። «ገባብኝ» ነው የሚባለው። እግረኛው ገባብኝ፣ ባጃጁ ገባብኝ፣ አህያዋ ገባችብኝ። እኔም ብያለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ልጄ፣ ቃሉን ተወውና ፕላኑን እይ። ትራፊኩ ሜትር ይዞ መንገዱን ለክቶ፣ መኪኖቹ የቆሙበትን፣ የፍሬን ምልክቱን፣ የተሰባበረው መስታወት የወደቀበትን የሚያሰፍርበት ንድፍ ነው። ሹፌር ሊዋሽ ይችላል፣ የፍሬን ምልክት ግን የት ይሄዳል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ «ገባብኝ» ላይ እጅ ነስቻለሁ! ያቺ «ብኝ» ተናጋሪውን ተጎጂ ታደርገዋለች። ዝናብ ዘነበብኝ፣ ወተቱ ፈሰሰብኝ፣ ባጃጅ ገባብኝ። ሁሉም ከሰማይ የወረደ መዓት ይመስላል።

አንድ የገረመኝ፣ ፕላን ለምን «ይነሳል»? መቼም «ትራፊኩ ፕላን ሳለ» የሚል የለም። «ፕላን አነሳ» ነው። ከፎቶ ማንሳት የመጣ ይመስለኛል።

የሰፈር ልጅ፦
ፕላኑ አለ። ባጃጁ ቀስት ተደርጎበታል። «የኋላ ፓራውልት፣ የቀኝ ፍሬቻ» የሚልም አለ፣ የተጎዱት የኋላ መከላከያውና የቀኝ ማጠፊያ መብራቱ ናቸው ማለት ነው። ሌላ ያስጨነቀን ግን ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቃሉን የሰጠው ነገር ነው። «የባጃጁ አሽከርካሪ መኪናውን አላየሁትም ብሏል» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ «በገዛ አፉ አመነ» ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

የድሮ ሹፌር፦
የኋላ ፓራውልት ከሆነ የተጎዳው፣ መኪናውን በጀርባው ሊያየው ነበር እንዴ?

ጠበቃዋ፦
እናትህን አረጋጋቸው። ሪፖርቱ ውስጥ «ብሏል» የሚለውና «ተረጋግጧል» የሚለው እኩል አይመዝኑም። «ብሏል» የሰውየው ቃል ነው፣ ፖሊሱ ያየው አይደለም። የጭነት መኪናው ሹፌርም የራሱ «ብሏል» ይኖረዋል። «አላየሁትም» ደግሞ ከኋላ ለተመታ ሰው ማመን ሳይሆን ተፈጥሮ ነው።

አሁን «የአደጋው መንስኤ» የሚለውን መስመር ፈልግ። ከሪፖርቱ ሁሉ ክብደት ያለው እሱ ነው። «ርቀት ጠብቆ ባለማሽከርከር»፣ «ቅድሚያ ባለመስጠት»፣ እንዲህ ያለ ሐረግ ይኖረዋል።

ፊደል ቆጣሪ፦
እዚህ ላይ ልግባ። «ቅድሚያ ባለመስጠት» ባለቤት የሌለው ሐረግ ነው። ማን ነው ያልሰጠው? «ባለመስጠቱ» ቢባል «እሱ» አለበት። ጸሐፊው አንዲት ካዕብ በማጣቱ ጥፋቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ደግሞ ከ«ደረሰበት» ተጠንቀቁ። «አደጋ የደረሰበት ሰው» ተጎጂ ነው። «አደጋ የደረሰበት ቦታ» መንገዱ ነው። «አደጋ ያደረሰው» ግን ተጠያቂው ነው። ከደረሰ ወደ አደረሰ አንድ «አ» ብቻ! «አደጋ» ራሱ እኮ የዋዛ ቃል አይደለም። በድሮው አማርኛ ድንገተኛ ወረራ ነው፣ «አደጋ ጣለ» ይባላል። ጣይ ነበረው። ዛሬ አደጋ «ይደርሳል»፣ ጣዩ ግን ከዓረፍተ ነገሩ ጠፍቷል።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ ካቋረጥኩ። መድን ላይ ሦስተኛ ወገን ሦስተኛ ወገን የሚሉት ነገር፣ አንደኛውና ሁለተኛው እነማን ናቸው? እኔ ሁለቱ የተጋጩት ይመስለኝ ነበር።

ጠበቃዋ፦
ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው። አንደኛውና ሁለተኛው ውሉን የተፈራረሙት ናቸው፣ መድን ሰጪውና ባለመኪናው። በውሉ ውስጥ የሌለው ግን ጉዳት የደረሰበት ሰው ሦስተኛ ነው። እዚህ ላይ የኛ ባለባጃጅ ለጭነት መኪናው ውል ሦስተኛ ወገን ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህን መድን ለተሽከርካሪ ግዴታ አድርጎታል። ገጪው አምልጦ ቢሆን ወይም መድን ባይኖረው ደግሞ አቤቱታው ለእንዲህ ያለው ተጎጂ ወደተቋቋመው የመድን ፈንድ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «ገጭቶ ያመለጠ» የሚል ሐረግ ካያችሁ ስድብ ብቻ አይደለም፣ የምታንኳኩትን በር ይቀይራል።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ወገን» ስንል ዘመድ ማለታችን ነው፣ የሕጉ «ወገን» ግን ባዳ ነው። ወይ አማርኛ! «መድን» ደግሞ ከግእዙ «ድኅነ» ነው፣ ከመድኃኔዓለም ጋር ሥሩ አንድ። እስኪከፍል ድረስ ግን አያስታውቅም።

ጠበቃዋ፦
እሱን ተወውና ሌላ ቃል ልንገርህ፣ የሰፈር ልጅ። ፖሊሱ የጉዳቱን ዓይነት «ቀላል» ብሎ ከሆነ አትደንግጥ፣ ዝምም አትበል። «ቀላል» እና «ከባድ» የተጻፉት በዕለቱ፣ መንገድ ዳር ነው። አጥንት መሰበሩ በኋላ በራጅ ነው የሚታየው። ለካሳው የሚያስፈልግህ የሐኪም ማስረጃ ነው። ቋሚ ጉዳት ካለበት ደግሞ በመቶኛ ተሰልቶ ይጻፍለት። ሪፖርቱና የሐኪሙ ወረቀት ሳይስማሙ ሲቀሩ «የትኛው ውሸት ነው?» ይባላል። አንዱም ውሸት አይደለም፣ የተጻፉበት ቀን ነው የተለያየው።

ስለ ቀን ካነሳን፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143። «ሽማግሌ እየላክን ነው» እያላችሁ እንዳያልፍባችሁ። ሹፌሩ በወንጀል በነፃ ቢለቀቅ እንኳ የካሳው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም፣ ቁጥር 2149። «ነፃ ወጣ» ሲባል «ካሳ የለም» ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

የሰፈር ልጅ፦
«ቀላል» ነው የሚለው። ወንድሜ በክራንች እየሄደ።

የድሮ ሹፌር፦
ቀላል የሚሆነው ለጻፈው ነው።

አዲስ ገቢ፦
ገና ነኝና ስሳሳት አርሙኝ። ገ እና ጋ ካልለዩ ፊት ለፊቱ ያለውን ቃል ማየት አይቻልም? ሰው «በመኪና ተገጨ» ይላል፣ «በመኪና ተጋጨ» ግን አይልም። «ከመኪና ጋር ተጋጨ» ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እኔ እዚህ ስለ ግስ ሰበካ ላይ እያለሁ መልሱ መስተዋድዱ ላይ ነበር! የሰፈር ልጅ፣ ቶሎ በል። ከፊቱ «በ» ነው «ከ»? «ጋር» የምትል አለች?

የሰፈር ልጅ፦
ቆይ ወረቀቱ እናቴ ዘንድ ነው።

የሰፈር ልጅ፦
መጣሁ። ቃል በቃል ልገልብጠው፦ «ባጃጁ በቀኝ መስመር በመጓዝ ላይ እንዳለ ከኋላው ይመጣ በነበረው የጭነት ተሽከርካሪ» ይልና ያቺ ቃል ትመጣለች። ፊቷ ላይ «ጋር» የለም።

አዲስ ገቢ፦
«ከኋላው» ያለው «ከ» ግን የቦታ ነው፣ አያምታታን።

የሰፈር ልጅ፦
«በ»ዋን ግን አገኘኋት። «በነበረው» ላይ ተቀምጣለች። መንስኤው ላይ ደግሞ «ርቀት ጠብቆ ባለማሽከርከሩ» ነው የሚለው። በካዕብ!

ጠበቃዋ፦
ሰኞ ጠዋት ጣቢያው ሄደህ ዋናውን ቅጂ አሳዩኝ በል፣ ማኅተም ያለበት ግልባጭም ጠይቅ። ከዚያ ወደዚያ ሠራተኛ ተመለስና ጣቱን «ባለማሽከርከሩ» ላይ እንዲያሳርፍ አድርገው።

የድሮ ሹፌር፦
ፕላኑንም አትርሳ ልጄ።