ቼሎዬ የብረት ክር ነው፤ ቡድኑ ግን 415 ላይ ይቃኛል። ምን ላድርግ?

ቼሎዬ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። ቼሎ የጀመርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ አሁን ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰፈራችን ያለው ቤተ ክርስቲያን የ18ኛው ክፍለ ዘመን አቀናባሪዎችን ባኽንና ቴሌማንን በዘመናቸው አጨዋወት የሚጫወት የአማተሮች ቡድን አለው። ቼሎ ተጫዋቻቸው እጁ ተሰብሮ እኔን ጠሩኝ፤ እኔም ሳላስብበት እሺ አልኩ። የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው። በመሃል ደግሞ ከባኽ የመጀመሪያ የቼሎ ስዊት (የዳንስ ሙዚቃዎች ስብስብ ነው) ፕሬሉዱን፣ ማለትም መክፈቻውን፣ እና ሳራባንዱን ብቻዬን እጫወታለሁ።

እነሱ ላ የምትባለውን ኖታ 415 ሄርትዝ ላይ ነው የሚቃኙት፤ ዛሬ የተለመደው 440 ነው። የእኔ ቼሎ የብረት ክር ነው፤ ከ440 ወርዶ አያውቅም። ክሩን ባላላው መሣሪያው ይጎዳል? ወይስ የግድ የአንጀት ክር መግዛት አለብኝ? ሌላው፣ መሪያችን «ቪብራቶ የለም» ብላኛለች፤ ክር ላይ ያለውን ጣት እያንቀጠቀጡ ድምፁን ማወዛወዝ ማለት ነው። ያለ ቪብራቶ ስጫወት ድምፄ ዘይት ያልነካው በር ነው የሚመስለው። ደግሞም ሁለት የታተሙ ኖታዎች አሉኝ፤ ፕሬሉዱ ላይ በአንድ ቀስት የሚያያዙት ኖታዎች በሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። የትኛውን ልመን?

አባ ቅኝት፦

አይዞሽ እህቴ፣ ቼሎሽ ምንም አይሆንም። ከ440 ወደ 415 መውረድ ግማሽ ድምፅ ያህል ነው፤ የክሩ ውጥረት የሚቀንሰውም 11 በመቶ ገደማ ነው። ይልቅ አንዱን ክር ይዘሽ በአንዴ እስከ ታች አታውርጂ። አራቱንም በየተራ ትንሽ ትንሽ አላላያቸው፣ በየመሃሉም ብርኩማው (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የያዘው እንጨት) ቀጥ ብሎ መቆሙን እዪ። ለሁለት ሦስት ቀን ቅኝቱ ይሸሽብሻል፤ ስለዚህ የልምምዱ ዋዜማ ማታ አትጀምሪው። ከሁሉ የሚልፈሰፈሰው ወፍራሙ ዶ ክር ነው። እሱን መጫን ትተሽ ቀስቱን ቀለል አድርገሽ ሳቢው፤ ቶሎ ይናገራል።

የአንጀት ክር በስድስት ሳምንት ውስጥ አልመክርሽም። እስኪረጋ ቀናት ይፈጃል፣ ከጣትሽም ከቀስትሽም ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። ከዝግጅቱ በኋላ ተረጋግተሽ ትሞክሪዋለሽ።

ነፍስ ያጣው፦

የአባ ቅኝት ምክር ላይ አንድ ልጨምር። አዲስ አበባ ሳለሁ ክር ልቀይር ብዬ አራቱንም በአንዴ ፈታሁ። ብርኩማው ወደቀ፤ ውስጥ ያለችው ትንሽ የእንጨት ምሰሶም ተከትላ ኪው አለች። ያቺን ምሰሶ ጣሊያኖችም ፈረንሳዮችም «ነፍስ» ነው የሚሏት። መልሶ የሚያቆማት ሰው እስካገኝ ሁለት ወር ቼሎዬ ሬሳ ሆኖ ጥግ ላይ ቆመ። ክር የምትቀይሩ ሰዎች፣ አንዱን ሳትወጥሩ ሌላውን አትፍቱ።

ባለፒያኖ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? ባኽ ዛሬ ቢኖር ጥሩ የብረት ክር አይገዛም ነበር? 415ስ ማን ያወጣው ሕግ ነው?

አባ ቅኝት፦

ሕግ አይደለም ወንድሜ፣ ሙዚቀኞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስማሙበት ቁጥር ነው። ከዘመናዊው ልክ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚል ለሁሉም ተመቸ። በባኽ ጊዜ እንኳን በየአገሩ በአንድ ከተማ ውስጥም አንድ ልክ አልነበረም። ላይፕሲግ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ከሌሎቹ መሣሪያዎች አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ከፍ ይል ስለነበር፣ ባኽ ለካንታታዎቹ (ለቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ሥራዎቹ) የኦርጋኑን ኖታ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያስጽፍ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ከ415ም የሚወርድ ነበር። ጠያቂዋ የምትወርደው ጓደኞቿ እዚያ ስላሉ ነው፤ ይኸው ነው ምክንያቱ። ባኽ ምን ይገዛ ነበር ለሚለው፣ ሲመጣ እንጠይቀዋለን።

ዘዋሪት፦

ባሮክ ቫዮሊን፣ የባኽን ዘመን ቫዮሊን ማለት ነው፣ የተማርኩ ነኝ። የቪብራቶውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

ቼሎዬ፣ «ቪብራቶ የለም» የሚለው ነገሩን ከልክ በላይ ማሳጠር ነው። ጄሚኒያኒ በ1751 ለንደን ላይ ባሳተመው የቫዮሊን መጽሐፍ በተቻለ መጠን አዘውትሩት ይላል። ሊዮፖልድ ሞዛርት፣ የቮልፍጋንግ አባት ማለት ነው፣ በ1756 መጽሐፉ እያንዳንዱን ኖታ የሚያንቀጠቅጡትን ዘላለም ወባ እንደያዛቸው ሰዎች አድርጎ ያሾፍባቸዋል። ሁለቱም የዘመኑ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ቪብራቶ እንደ ቅመም ነበር፤ አንዳንድ ረጅም ኖታ ላይ ጣል ይደረጋል። መሪሽ ግን መሪ ናት፣ ለዚህ ዝግጅት እሷን ስሚያት።

የበሩ ድምፅ የሚመጣው ከግራ እጅሽ አይመስለኝም፣ ከቀኝሽ ነው። እስከ ዛሬ ኖታውን ሕያው ታደርጊ የነበረው በቪብራቶ ነው፤ አሁን ያንን ሥራ ለቀስቱ ስጪው። ረጅም ኖታ ስትጫወቺ በስሱ ጀምሪ፣ መሃሉ ላይ አወፍሪው፣ ጫፉ ላይ ልቀቂው። ዛሬ የምንይዘው ቀስት ፈረንሳዊው ቱርት በ1780ዎቹ መልክ ያስያዘው ነው፤ ከእጀታ እስከ ጫፍ እኩል ድምፅ እንዲሰጥ የተሠራ። ባኽ የሚያውቀው ቀስት ጫፉ ቀላል ስለሆነ ወደ ጫፉ ስትሄጂ ድምፁ በራሱ እየሳሳ ይሄዳል። ለጊዜው ዘመናዊውን ቀስትሽን ከእጀታው ሦስት አራት ሣንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ያዢው፤ በዚያው ቀን ልዩነቱን ትሰሚያለሽ። ገንዘብ ካለሽ ከክሩ በፊት የባሮክ ቀስት ግዢ። ቆይ ግን፣ እጁ የተሰበረው ሰውዬ ቀስቱ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ የለም እንዴ? ለምን አትጠይቂውም?

ሳራባንዱ በሦስት የሚቆጠር ዳንስ ነው፤ ክብደቱ ሁለተኛው ምት ላይ ያርፋል። ቤትሽ ውስጥ ቼሎውን አስቀምጠሽ በእግርሽ ተራመጂው፣ ሁለተኛዋ እርምጃ ላይ ቆየት በይ። ድርብ ድርብ የሚሰሙትን ኖታዎች አንድ ላይ አትጨፍልቂያቸው፤ ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ አንከባልያቸው፣ የታችኞቹም ይለቀቁ።

ቼሎዬ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዘዋሪት! ቀስቱ ጭራሽ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ትሪሉስ (ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት ማፈራረቁ)? ከላይኛው ኖታ ነው ከዋናው የምጀምረው?

ዘዋሪት፦

ከላይኛው። ባኽ ለልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን በ1720 በከፈተለት ደብተር ላይ የጌጥ ምልክቶችን እየፈታ ጽፎለታል፤ ትሪሉ እዚያ ከላይ ነው የሚጀምረው። ያቺ የላይኛዋ ምቱ ላይ ትረፍ፣ አትቸኩዪባት።

ገልባጭ፦

ሁለቱ ኖታሽ የተለያየው ባኽ በእጁ የጻፈው ስለጠፋ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የተረፉን አራት ግልባጮች ናቸው። አንዱን ኬልነር የሚባል ኦርጋን ተጫዋች በ1726 ገለበጠው፤ ሌላው የባኽ ባለቤት የአና ማግዳሌና እጅ ነው፤ ሁለቱ ከእነዚህ በኋላ የመጡ ናቸው። ሰዎች በብዛት የሚያምኑት የአና ማግዳሌናን ነው፤ ለባሏ ቅርብ ናትና። ችግሩ፣ ኖታውን አጥርታ ስትጽፍ ቅስቶቹን፣ በአንድ ቀስት የሚያያዙትን ኖታዎች የሚያሳዩትን ጎባጣ መስመሮች፣ ግን እንደነገሩ ነው የጣለቻቸው። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እያከራከረ እስከ ዛሬ አለ። አታሚዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በገዛ ግምታቸው አስተካከሉት።

የአና ማግዳሌናን ግልባጭ ፎቶ በነፃ ታገኚዋለሽ። ፕሬሉዱ 42 መስፈሪያ ብቻ ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃሻል፤ ከሁለቱ ኖታሽ ጋር አስተያዪው። እኔ መጀመሪያ ላይ ሦስቱን ኖታ በአንድ ቀስት አያይዤ ቀሪዎቹን ለየብቻ እጫወታለሁ። አንዴ ከመረጥሽ ግን ተመሳሳዩ ነገር ሲመጣ ምርጫሽን አትለዋውጪ፤ ጆሮ ግራ ይገባዋል።

ባለበገና፦

አንጀት ክር ሲባል ሁላችሁም ከጨረቃ የመጣ አስመሰላችሁት። አያቴ በገናቸው ላይ የወጠሩት የበግ አንጀት ነበር። እርጥበት ሲመጣ ቅኝቱ ይሸሻል፤ እሳቸው ሳይበሳጩ መልሰው ይቃኙት ነበር። ቼሎዬ፣ አንድ ቀን የአንጀት ክር ላይ ስትደርሺ ጥፍርሽን ቆረጥ አድርጊ፣ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ መለዋወጫ ላ ክርም ቦርሳሽ ውስጥ አይጥፋ።

ቼሎዬ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ክሩን በሦስት ቀን አወረድኩት፣ ብርኩማው በቦታው ነው። ሰውዬውን ሄጄ ጠየቅኩት፤ ቀስቱን ሲያቀብለኝ «ቼሎውንስ ለምን ትተይዋለሽ?» አለና የአንጀት ክር ያለውን መሣሪያውን ሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ላ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ መለዋወጫ ይዤ ነበር፣ ባለበገና ተባረክ። ሳራባንዱን ግን ሳሎን ውስጥ ስራመደው ባለቤቴ አይቶኝ አሁንም ይስቅብኛል። ፕሬሉዱን በራሴ ቼሎ፣ ሳራባንዱን በሰውዬው ልጫወት እያሰብኩ ነው። በመሃል መሣሪያ መቀየር ያስቃል?

አባ ቅኝት፦

ያስቃል። ሁለቱንም በሰውዬው ተጫወቺ።