እናቴ «መርፌው ነው የጣለኝ» ብላ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እምቢ አለች፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም አለባት። ባለፈው ዓመት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዳ ሳምንት ሳይሞላት በኃይለኛ ጉንፋን ተኛች። ዘንድሮ ገና ወሬውን ሳነሳባት «ያ መርፌ ነው የጣለኝ፣ ሁለተኛ አልወጋም» ትለኛለች። ቤት ውስጥ የአራት ወር ሕፃንና ኢንፍሉዌንዛ ተከትቦ የማያውቅ የአምስት ዓመት ልጅ አሉኝ። ልጆቹን የምትይዝልኝ እሷ ናት። እንዴት ላስረዳት? ልጆቹንስ ምን ላድርግ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ «አልታመምሽም» ብለሽ እንዳትከራከሪያቸው። ታመዋል። ግን ኢንፍሉዌንዛ ከመርፌው ሊይዛቸው አይችልም። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱ ፕሮቲን ብቻ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ አይራባም።

ታዲያ ምን ነካቸው? ሰውነት መከላከያውን ሠርቶ እስኪጨርስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ መሀል ቫይረሱ ከሰው ተጋብቶባቸው ከሆነ ክትባቱ ገና አልደረሰላቸውም። ሌላ የጉንፋን ቫይረስም ሊሆን ይችላል፤ ክትባቱ የሚከላከለው ኢንፍሉዌንዛን ብቻ ነው። የተወጉበት ክንድ ሊያማቸው፣ ትንሽ ሊያተኩሳቸው፣ ሊደክማቸው ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቃቸዋል። ይህን ከመወጋታቸው በፊት ንገሪያቸው፤ ያን ጊዜ ሲሰማቸው አይደነግጡም።

የመንታ እናት፦
የእኔ እናት ስለ ራሷ ጤና ሳወራት «እኔ ምን ቀረኝ» ነበር መልሷ። «ሕፃን ልጅ ስድስት ወር ሳይሞላው ይህን ክትባት አይወስድም፤ የሚጠበቀው እኛ ካላስያዝነው ነው» ስላት ግን ዝም አለች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ጠበቀችኝ። አንቺም ተከተቢ፣ ጡት ብታጠቢም ችግር የለውም።

ከፋርማሲ፦
ለትልቁ ልጅ ቶሎ ጀምሪ። ከስድስት ወር እስከ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚወስዱት፤ በመሀሉ ቢያንስ አራት ሳምንት ሊኖር ይገባል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ደግሞ መጠኑ ከፍ ያለ ክትባት አለ፣ ለእናትሽ ጠይቂላቸው። ከሌለ ያለውን ይውሰዱ፣ እሱን ብላችሁ ወቅቱ እንዳያልፍባችሁ። በአፍንጫ የሚነፋው ግን ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ለእሳቸው አይሆንም።

ተከታታይ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ አምና ከተከተቡ ዘንድሮ ለምን ይደገማል?

ከፋርማሲ፦
ቫይረሱ መልኩን ይቀያይራል፣ ያለፈው ዓመት መከላከያም እየደከመ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችን በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበስባል፤ በየካቲት አካባቢ ለሰሜኑ፣ በመስከረም አካባቢ ለደቡቡ የዓለም ክፍል ክትባቱ ምን ይያዝ የሚለውን ይመክራሉ። አንዳንዴ ግምቱ በደንብ አይገጥምም። በደንብ በገጠመባቸው ዓመታት እንኳ ታሞ ሐኪም ዘንድ የመሄድን ዕድል የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። ስለዚህ ለእናትሽ «ከተከተብሽ ጨርሶ አትታመሚም» አትበያቸው። ቃሉ ካልሞላ የዛሬ ዓመትም እምቢ ይላሉ። «ብትታመሚም ሆስፒታል የመተኛትሽን ዕድል ይቀንሰዋል» በያቸው፣ እውነቱ ይኸው ነው። ስኳር ላለበት ሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሳንባ ምች ሊሄድ ይችላል፤ ስኳሩንም ያዛባዋል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሕፃኑን ነገር ስነግራት «እስቲ እናያለን» ብላለች፣ ከእሷ ይህም ትልቅ ነው። ግን አሁን ትንሽ አፍንጫዋን ይዟታል፤ የደም ማቅጠኛም ትወስዳለች። ይከለክላት ይሆን?

ነርሷ፦
ትኩሳት ከሌላቸው ንፍጥ ብቻ አይከለክልም። ካተኮሳቸው እስኪሻላቸው ጠብቂ። የደም ማቅጠኛውን ግን ለሚወጋቸው ሰው ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ቀጭን መርፌ ይጠቀማል፣ ከዚያ ቦታው ሳይታሽ ሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ተደርጎ ይያዛል። እጅጌው ሰፋ ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ክንዳቸውን ሳይወጥሩ ዝም ብለው ይጣሉት፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ እዚያው አረፍ ይበሉ። ከዚህ በፊት ከዚሁ ክትባት በኋላ ትንፋሽ አጥሯቸው ወይም ፊታቸው አብጦ ከነበረ ግን ሳይወጉ ሐኪም ያማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ተከትበውም ሆነ ሳይከተቡ በወቅቱ ድንገት ትኩሳትና ቁርጥማት ከያዛቸው «ያልፋል» ብላችሁ አትቀመጡ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።