አይጥ ካራቫን ውስጥ እንዳይገባ ምን ልግዛ፣ ማንን ልጥራ ለምትሉ

ካራቫኑን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተውን ቤት፣ ለወራት አቁሞ የሚሄድ ሰው ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። የቱ ወጥመድ ይሻላል? መርዝስ? በድምፅ ያባርራል የሚባለው መሣሪያ እውነት ይሠራል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ቀዳዳ መድፈኛ ላይ አውጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

አይጥ የምትሾልክበት ቀዳዳ ከምታስቡት በላይ ጠባብ ነው። እርሳስ የሚያስገባ ከሆነ፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ይበቃታል። የካራቫን ወለል ደግሞ ብዙ ቦታ የተበሳ ነው። የውሃ ቱቦ፣ የፍሳሽ ቱቦ፣ የጋዝ መስመር፣ የመብራት ገመድ፣ ሁሉም በዚያ ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ከቱቦው ሰፋ ተደርጎ ይበሳና ዙሪያው ክፍት ይቀራል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሲመሽ አንዱ ውስጥ ሆኖ ካቢኔዎቹን ይክፈትና በደማቅ ባትሪ ጥጋጥጉን ያብራ። ሌላው ውጭ ጎንበስ ብሎ ከሥር ይይ። ብርሃን የሚያፈተልክበት ሁሉ በር ነው። የዕቃ ማጠቢያውን ሥር፣ የፍሪጁን ጀርባና የመብራት ገመዱ የሚወጣባትን ትንሽ ክዳን አትዝለሉ። የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለ፣ ቅባት የነካው የሚመስል እድፍ ካለ መመላለሻዋ እሱ ነው። ፀጉሯ እየታከከ ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

አሁን ወደ መድፈኛው። ፎም፣ ማለትም ተነፍቶ የሚደርቀው አረፋ፣ ለብቻው አይረባም፣ በጥርሷ ትበሳዋለች። የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ ይይዛል፣ ግን እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ዝገቱም ግድግዳውን ያበላሻል። የእኔ ምርጫ የመዳብ ሽቦ መረብ ነው። አይዝግም፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ተጠቅጥቆ ይገባል። ከላዩ ሲሊኮን ካደረጋችሁበት ካራቫኑ ሲጎተት ተንገጫግጮ አይወድቅም። ለሰፊ ቀዳዳ ዓይኑ ከ6 ሚሊሜትር የማይበልጥ ጠንካራ የብረት መረብ ቆርጣችሁ በብሎን እሰሩ።

እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ያገኛችሁትን ቀዳዳ ሁሉ አትድፈኑ! የምናበስልበት ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ታች ወርዶ እንዲወጣ ተብሎ ወለሉ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ መተንፈሻ ሊኖር ይችላል። እሱ ላይ አየር የሚያሳልፍ መረብ እንጂ ሲሊኮን አይደረግም። የማሞቂያው ጭስ መውጫም እንዲሁ ነው። ከታፈነ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ለእሱ አምራቹ የሚያዘጋጀውን መሸፈኛ ብቻ ተጠቀሙ።

ከወጥመዶች የድሮው ባለ ስፕሪንግ አሁንም የሚስተካከለው የለም። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይገድላል፣ መያዝ አለመያዙም በግልጽ ይታያል። አይጥ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትሄድ ማጥመጃው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የምስር ፍሬ የምታህል የለውዝ ቅቤ ትበቃለች፤ ከበዛ ማጥመጃውን ሳትነካ ዳር ዳሩን ልሳ ትሄዳለች። አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ቦታ አጥምዱ። አይጥ የሚያጣብቀውን የሙጫ ወጥመድ ግን አልመክርም። እንስሳዋ ለሰዓታት ትሠቃያለች። እንግሊዝ ውስጥ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ፈቃድ መጠቀም በሕግ ተከልክሏል።

መርዝ ካራቫኑ ውስጥ አታስገቡ። የተለመደው ዓይነት ለመግደል ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ አይጧ ግድግዳው መሐል ገብታ ትሞታለች፣ ሽታውን የምትችሉት አይደለም። የበላቻትን ድመት ወይም ጉጉትም ሊጎዳ ይችላል።

የድምፅ መሣሪያውን ተዉት። ድምፁ ትራስና ካቢኔ አያልፍም፣ አይጦቹም ይለምዱታል። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ከ60 በላይ አምራቾችንና ሻጮችን በማስረጃ ያልተደገፈ ነገር አታስተዋውቁ ብሎ አስጠንቅቋል። አይጥ ያባርራል የሚባለው የናና ዘይትም ቶሎ ይተናል። ናፍታሊን ደግሞ ሰው በሚተኛበት ጠባብ ክፍል ጤና ይጎዳል፣ ፍራሹም ሽታውን ይዞ ይቀራል።

ምግብ በቆርቆሮ ወይም በጠርሙስ ይቀመጥ፣ ወይ ጭራሽ ይውጣ። ካራቫኑ ሣር ውስጥ አይቁም።

የአይጥ ኩስ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉ። አቧራው ሃንታ የሚባለውን ቫይረስ ሊያመጣ ይችላል። በርና መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆዩ። ከዚያ ጓንት አድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁና በወረቀት ጥረጉት።

ባለሙያ ልጥራ ለምትሉ፣ ሁለት ዓይነት አሉ። አንዱ መርዝ አስቀምጦ በየወሩ ይመለሳል። ሌላው ቀዳዳ ፈልጎ ይዘጋል። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ከመቅጠራችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ ከሥር ታያላችሁ? በምን ትደፍናላችሁ? ተመልሳ ብትገባ በነፃ ትመጣላችሁ? «ፎም እንነፋለን» ብቻ ካሉ ሌላ ፈልጉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከአይጥ አጥፊ ይልቅ የካራቫን ጥገና የሚሠራ ሰው አስቀድማለሁ። የትኛው ቀዳዳ መደፈን እንዳለበት፣ የትኛው ክፍት መቆየት እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው።