የስኮላርሺፕና የምርምር ድጋፍ ዕቅዳችን፦ ረቂቁን አብረን እናብስለው

የማኅበሩ ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው በቃል ያወራነውን ወደ ወረቀት አምጥቼዋለሁ። የምንጽፈው ለዩኒቨርሲቲው፣ ለዞኑ ትምህርት መምሪያና ውጭ ላሉ ወገኖቻችን በጋራ የሚቀርብ አንድ ፕሮፖዛል ነው። ዓላማው በሰሜን ሸዋ ካሉ አናሳ ማኅበረሰቦች ወጥተው ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን መደገፍ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ለ50 ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ 4,000 ብር ይሰጣል። ምርጫው በ12ኛ ክፍል ውጤት ይሆናል።» የወደዳችሁትንም ያልተዋጠላችሁንም ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ እንዳለ ይሁን እላለሁ። ብሩ 200,000 ነው፣ ብዙ ቤት ይደርሳል። አባል መዋጮ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚለው «ስንት ልጅ ረዳችሁ?» ነው። 50 ስንለው ደስ ብሎት ይከፍላል።

የ4ኛ ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። 4,000 ብር መስከረም ላይ ቢሰጥ ጥቅምት አይዘልቅም። ምግቡና ዶርሙ በወጪ መጋራት ፈርመን የምንገባበት ነው፣ የሚከፈለው ከተመረቅን በኋላ ነው። የሚያንገላታን ከዚያ ውጭ ያለው ነው። የሃንድአውት ኮፒ አለ። ካልኩሌተር አለ። ዳታ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የበዓል ትራንስፖርት አለ። ላፕቶፕ የሌላት የሲቪል ተማሪ አውቶካድ (የንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌር) የምትሠራው ጓደኛዋ ስትተኛ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ዲፓርትመንት የሚደለደለው በፍሬሽማን ውጤት ነው። ላብራቶሪ ገብቶ የማያውቅ ልጅ ፊዚክስና ካልኩለስ የሚያሯሩጡት ያኔ ነው። ያን ጊዜ የሚደግፈው ካላገኘ የፈለገውን ዲፓርትመንት ያጣዋል። በኋላ የሚመጣ ብር ያንን አይመልስለትም።

ኬሚስትሪ መምህር፦ እውነቷን ነው። በ12ኛ ክፍል ውጤት መምረጡም አልተዋጠልኝም። በ2014 ዓ.ም ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመላ አገሪቱ ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቆላማዎቹ ቀበሌዎች በሪሚዲያል (ማለፊያ ላላመጡ በሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) በኩል የገባ ልጅ በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ታች ነው የሚቀመጠው። ግን አሲድና ቤዝ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይቶ እዚህ የደረሰ ልጅ ምን ያህል አቅም እንዳለው አስቡት። በውጤት ብቻ ከመረጥን ድሮም ጥሩ ትምህርት ቤት የነበረውን ነው የምንሸልመው።

ከሜሪላንድ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ፦ እኔ ካለሁበት ሩቅ ያልሆነ አንድ ምሳሌ ላካፍላችሁ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ካምፓስ ሜየርሆፍ የሚባል የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አለ። በፈረንጆቹ 1988 ነው የተጀመረው። ሮበርትና ጄን ሜየርሆፍ ገንዘቡን ሰጡ። የሒሳብ ምሁሩ ፍሪማን ራቦውስኪ ሥራውን ይዞ አሳደገው። መጀመሪያ የታሰበው ለጥቁር ወንድ ተማሪዎች ነበር፣ ቀጥሎ ሴቶች ገቡ፣ ከዚያ ለሁሉም ተከፈተ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አሠራሩን ነው። ልጆቹ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ሳይጀመር ክረምቱን አብረው ያሳልፋሉ። በቡድን ያጠናሉ። የተቸገረ ዝም እንዲል አይፈቀድለትም። ቶሎ ብለው ቤተ ሙከራ ገብተው ከተመራማሪ ጋር ይሠራሉ። በሞደርና የኮቪድ ክትባት ምርምር ስሟ የተነሳው ኪዝሜኪያ ኮርቤት የዚህ ፕሮግራም ልጅ ናት። ብር ብቻ ተሰጥቷት ቢሆን እዚያ የምትደርስ አይመስለኝም። እኔ የምለው ቁጥሩን እንቀንስ፣ ድጋፉን እናጥብቀው ነው።

ከአልዩ አምባ፦ ወንድማችን ያለው ጥሩ ነው። እኔ ግን «አናሳ» ያልነው ማንን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ እላለሁ። የአርጎባ ብሔረሰብ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ልዩ ወረዳው ብቻ ነው። በአንኮበር ቆላ በኩል ያለነው እንረሳለን። አልዩ አምባ በድሮ ዘመን የነጋዴ መናኸሪያ ነበረች፣ ዛሬ ግን ከዚህ ወጥቶ ኢንጂነር የሆነ ልጅ ስንፈልግ እንቸገራለን። ቤታችን የምናወራው በአብዛኛው አማርኛ ስለሆነ መዝገብ ላይ ከሌላው ጋር ተቀላቅለን እንቀራለን። ስለዚህ ማንም ለይቶ አይደርስልንም።

ኬሚስትሪ መምህር፦ ልክ ነዎት እትዬ፣ ይጻፍ። ሌላም የምጨምረው አለ። በሸክላና በብረት ሥራ የሚተዳደሩትን ቤተሰቦች እንዳንረሳ። አፄ ምኒልክ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱ የእኛው አገር ሰው ናቸው። ባለእጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ አለ። «ቡዳ» ተብላ ዴስክ የሚጋራት ያጣች ተማሪ አስተምሬአለሁ። እናቷ ሸክላ ትተኩሳለች። ልጅቱ ስለ አፈርና ስለ ሙቀት የምታውቀውን እኔ ዲግሪ ይዤም አላውቀውም። እንዲህ ያለችው ልጅ ማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ብትገባ የት ትደርስ ነበር!

የማኅበሩ ፀሐፊ፦ መምህር፣ ይህ እኔንም ነክቶኛል። ግን ፎርሙ ላይ እንዴት እንጠይቃለን? «ባለእጅ ነሽ ወይ?» ብለን ልንጽፍ አንችልም። ልጅቱ ስትሸሽ የኖረችውን ነገር እኛው በወረቀት እናስፈርማታለን ማለት ነው።

ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፦ አትጠይቋት። እዚያው አሜሪካ ለጠፈር ተጓዡ የፊዚክስ ሊቅ ለሮናልድ ማክኔር መታሰቢያ የተቋቋመ ፕሮግራም አለ። ማክኔር በፈረንጆቹ 1986 በቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ከሞቱት አንዱ ነው። ፕሮግራሙ ተማሪ የሚቀበልበት አንዱ መንገድ ቀላል ነው። ቤተሰቡ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነና ከወላጆቹ ዲግሪ ያለው ከሌለ በቂ ነው።

እኛም እንደዚያ እናድርግ። ፎርሙ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ። አባት ወይም እናት ዲግሪ አላቸው ወይ? የቤተሰቡ መተዳደሪያ ምንድን ነው? ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት መጣህ? ከዚያ የትምህርት ቤቱ መምህርና አንድ የአካባቢ ሽማግሌ ለኮሚቴው በታሸገ ደብዳቤ ይጻፉ። ቡድኑ ውስጥ ማን ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። አካል ጉዳት ያለበትም በዚሁ በር ይግባ።

ከአልዩ አምባ፦ ጋሼ፣ ሽማግሌው ያለው ክፍል ትንሽ ያሰጋኛል። ሽማግሌው ራሱ የሚንቃቸው ቢሆንስ?

ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፦ እውነት ብለሻል ልጄ። ሽማግሌው ይውጣ። ደብዳቤው ከመምህር፣ ካልሆነም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይምጣ። እነሱ ቤት ለቤት ያውቋቸዋል።

የ4ኛ ዓመት ሲቪል ተማሪ፦ ስለ ምርምሩ ልጨምር። ተማሪ ክረምት ቤቱ ሲሄድ ወይ እርሻ ነው፣ ወይ የቀን ሥራ ነው። ምርምር ሥራ ብትሉት ደሞዝ ከሌለው ቤተሰቡ አይለቀውም። ስለዚህ ክረምቱ ይከፈልበት።

ርዕስ ደግሞ እዚሁ ሞልቷል። በ1998 ዓ.ም መግቢያ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንዶ ስንት ቤተሰብ አፈናቅሏል። ያ ተዳፋት ዛሬም አለ። ውኃው ከየት ገብቶ አፈሩን እንደሚያላላው ሐምሌና ነሐሴ ላይ መለካት ይቻላል። የሲቪልና የጂኦሎጂ ተማሪ አብረው ይሥሩት። የአርጎባ አባቶች ያንኑ ዓይነት ተዳፋት በድንጋይ እርከን ይዘው ኖረዋል። እርከኑ ውኃውን እንዴት እንደሚያስተነፍስ የአካባቢው ልጅ ቢለካውና ቢጽፈው እንዴት ደስ ይላል። በሸዋ ሮቢት በኩል የማሾ ዘር አለ፣ ለሸክላው ደግሞ እንጨት የሚቆጥብ ምጣድ።

ኬሚስትሪ መምህር፦ አማካሪ መምህር ነው ችግሩ። በነፃ አማክሩ ስንላቸው እሺ ይሉና ይጠፋሉ። ትንሽም ቢሆን አበል ይያዝላቸው። ደግሞ ተማሪው ዕቃ አጣቢ ሆኖ እንዳይቀር ውሉ ላይ «ተማሪው የራሱ ጥያቄና የራሱ ዳታ ይኖረዋል» ተብሎ ይግባ። ውጤቱን መጀመሪያ የሚያቀርበውም ለቀበሌው ሰው ይሁን። መሬቱ የእነሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 6 ተማሪ ብንይዝ፣ በወር 2,000 ብር ለ10 ወር 120,000 ይመጣል። ለክረምቱ ለእያንዳንዱ 15,000 ብንመድብ 90,000 ነው። ከእያንዳንዱ 15,000 ላይ 8,000 የሁለት ወር ደሞዝ፣ ቀሪው ለመጓጓዣ፣ ለናሙናና ለአማካሪ አበል ይሆናል። ድምሩ 210,000። ከ50ው ዕቅድ የሚበልጠው በ10,000 ብር ነው። አባላት «6 ብቻ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔው እነግራቸዋለሁ። የነዚህ 6 ልጆች ስም ሲጠራ ምን እየሠሩ እንደሆነ መናገር የምንችል ከሆነ ሰው ይከፍላል ብዬ አምናለሁ።

ከሜሪላንድ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ላፕቶፑን ለእኛ ተዉት። ያገለገሉ ግን ደህና የሆኑትን እዚህ እናሰባስባለን። ለልጆቹ አይሰጥ፣ በውሰት ይሁን። ሲመረቁ ለቀጣዩ ይለፍ።

የ4ኛ ዓመት ሲቪል ተማሪ፦ መንገድ ቢዘጋስ? ባለፉት ዓመታት ያየነው ነው። የመስክ ሥራ ያለው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሊቀር ይችላል።

ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፦ ለእያንዳንዱ ርዕስ ሁለተኛ አማራጭ ይጻፍ። ተዳፋቱ ጋ መሄድ ካልተቻለ ቀድሞ የመጣ የአፈር ናሙና ደብረ ብርሃን ላይ ይመረመራል፣ ወይም የሳተላይት ምስል ይነበባል። ልጅ ለዳታ ብሎ አደጋ ውስጥ አይግባ። ይኼ በደማቁ ይጻፍ።

የማኅበሩ ፀሐፊ፦ እንግዲህ ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆኗል። «ማኅበሩ በየዓመቱ 6 አዲስ ተማሪዎችን ከፍሬሽማን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይይዛል። ቅድሚያ የሚያገኙት የአርጎባ ተወላጆች፣ በሸክላና በብረት ሥራ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ልጆችና አካል ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ሁሉም ግን የሚያመለክቱት በአንድ ፎርም፣ ከወላጆቻቸው ዲግሪ ያለው እንደሌለ በማሳየት ነው። በየወሩ የኪስ ገንዘብ፣ በየሳምንቱ የቡድን ጥናት፣ በክረምት ደሞዝ ያለው ምርምር ይኖራቸዋል።»

ሁለት ዓመት ካልን ግን በሁለተኛው ዓመት 12 ልጅ ይሆናሉ። ወጪው እጥፍ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ይህንን አስልተው ለጠቅላላ ጉባኤው ያቅርቡልን። መምህር ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስለ አማካሪዎችና ስለ ክረምት ዶርም ይነጋገራሉ። እትዬ፣ ፎርሙን እዚያ ላሉ ወላጆች አንብበውላቸው ቅር የሚላቸው ቃል ካለ ይንገሩን። የቡድን ጥናቱን ማን እንደሚመራ ገና አልወሰንንም።

የ4ኛ ዓመት ሲቪል ተማሪ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንመራዋለን። በካልኩለስ እንጀምራለን። ክፍል ብቻ አስፈቅዱልን።