የፓምፑ ሲል (ማሸጊያ) ሦስት ሳምንት አይዘልቅም

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ መካኒክ ነኝ። መግቢያው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ባለ 15 ኪሎዋት ጠላቂ ፓምፖች አሉን። አንደኛው ሜካኒካል ሲል (ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ሻፍቱ ላይ የሚገጠም ማሸጊያ) እየበላ አስቸገረኝ። በ2 ወር ውስጥ 3 ቀየርኩ። በከፈትኩት ቁጥር ዘይቱ ነጥቶ ወተት መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል።

ኩሽኔታውንም ኦሪንጉንም (የጎማ ቀለበቱን) በአዲስ ተካሁ። ሻፍቱን በዳያል ጌጅ ለካሁት፣ መወላገዱ 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅና ፀጉርም አጸዳሁ (እሱማ መቼም አያልቅ)። ለውጥ የለም።

መንትያው ግን ዓመት ሙሉ ሲል አልጠየቀም። ያየሁት ልዩነት አንድ ነው፤ የዚህኛው መውጫ ቫልቭ ግማሽ ላይ ተጣብቆ አልከፈት ብሏል፣ ቧንቧውም ይንቀጠቀጣል። ቫልቩን ለመቀየር ጣቢያውን በሙሉ ማቆም አለብኝ። ከማስቆሜ በፊት፣ ግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ብቻውን ሲል እንዲህ ሊጨርስ ይችላል?