ክርክር፦ በጀሞ ለሰፈሩ ስደተኞች ሥራ ማፈላለግ የነዋሪዎች ማኅበር ድርሻ ነውን?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በመተማ በኩል ተሰደው ወደ አዲስ አበባ ከዘለቁት ቤተሰቦች ጥቂቶቹ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ይኖራሉ፤ ከእነርሱ ቀድመው የመጡ ኤርትራውያን ጎረቤቶችም አሉን። ማኅበሩ የስብሰባ አዳራሹን በሳምንት አንድ ቀን ከፍቶ እነዚህን ሰዎች በሥራ ፍለጋ ያግዝ የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ እንድትጽፉ እንጠይቃለን።

የግንባታ ሥራ ተቋራጭ የሆኑ አባል፦
አልስማማም፤ ይህን የምለውም ለተሰደደ ሰው ርኅራኄ አጥቼ አይደለም። ከኮሌጅ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ልጆቻችንን፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ እኅቶቻችንን ሥራ ሳናስይዝ ለሌላው በር ብንከፍት ቅሬታው ውሎ አድሮ ወደ ጠብ ይሄዳል። በቀን ሥራ ላይ በዝቅተኛ ሂሳብ የሚገባ ሰው በተገኘ ቁጥር ለሁሉም ዋጋው እንደሚወርድ በየሳይቱ አይቻለሁ፤ በአገራችን ለግል አሠሪዎች የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ይህን የሚገታ ነገር የለም። ደግሞስ መስከረም 2009 ዓ.ም. በኒውዮርክ በተካሄደው ጉባኤ ላይ በኢንዱስትሪ ፓርኮች 100,000 የሥራ ዕድል ይፈጠራል፣ ከዚያም 30 በመቶው ለስደተኞች ይሆናል ተብሎ ቃል የተገባው በመንግሥትና በለጋሾች ነው፤ ያንን ሸክም የሰፈር ማኅበር ሊሸከመው አይችልም።

የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ የሆኑ አባል፦
ወንድሜ ስለ ቀን ሂሳብ ያነሡት ስጋት እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ላይ ግን አልስማማም። ሰው በርካሽ የሚቀጠረው አገሩ ሌላ ስለሆነ ሳይሆን፣ ቢበደል የሚከራከርበት ወረቀት ስለሌለው ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአንቀጽ 26 ዕውቅና ያገኘ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ ለሌሎች የውጭ አገር ዜጎች በሚሰጠው የተሻለ ሁኔታ ተቀጥሮ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በግብርና፣ በኢንዱስትሪ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋም፣ በዕደ ጥበብና በንግድ መሰማራትንም ይፈቅዳል። በውል የተቀጠረ ሠራተኛ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይጠበቃል፤ መደበኛ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ኃላፊ ነው። ስለዚህ ከጎኑ የሚሠራውን የእኛን ልጅ ደመወዝ የሚያወርደው ውል የሌለው ስደተኛ እንጂ ውል ያለው አይደለም፤ እኛ ዞር ብለን ብናልፍ ያ ሰው ከሰፈር አይጠፋም፣ በደላላ እጅ ይወድቃል እንጂ።

ታዲያ ሕጉ ከፈቀደ ችግሩ የት ነው ቢባል፣ በሥልጠና ሥራዬ ሳየው የኖርኩት ሙያን የሚያስረዳ ማስረጃ ማጣት ነው። ካርቱም ውስጥ ለዓመታት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግን የኖረ ሰው እዚህ ሲመጣ የምስክር ወረቀቱ የቀረው በተቃጠለ ቤቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በእኛ ሥርዓት አንድ ሰው ሙያውን የትም ይማረው፣ በሥራ ላይም ይልመደው፣ የብቃት ምዘና (በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን) ተፈትኖ ሊያረጋግጥ ይችላል የሚለው መርሕ ከተቀመጠ ቆይቷል፤ ነገር ግን ምዘናው እንዳለ የሚነግረው፣ በየትኛው ደረጃ ቢመዘን እንደሚሻለው የሚያማክረው፣ የመፈተኛውንም ቋንቋ የሚያስተረጉምለት ሰው ከሌለ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው ወንድሜ ለየብቻ ያስቀመጧቸው ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላም መመለሱ አልቆመም። ከእነዚህ መካከል በጀሞ የሚኖሩት እኅቶች ዓረብኛን በሰው ቤት እየሠሩ የተማሩት ናቸው፣ ያንን ዕውቀታቸውን የጠየቃቸው ግን የለም። ለሱዳናውያኑ የሚያስተረጉሙት እነርሱ ይሁኑ፤ ለአገልግሎታቸውም ይከፈላቸው፤ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የራሳቸው የሥራ ጥያቄም አብሮ ይመዝገብ። እኔ የምደግፈው ለስደተኛ ብቻ የሚከፈት በር አይደለም፤ ተመላሹም ተመራቂውም የሚገባበት በር ነው።

ቤት አከራይ የሆኑ አባል፦
ሥራው ከመኖሪያው ጋር የተያያዘ መሆኑ እንዳይዘነጋ። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። በሰፈራችን ለውጭ ሰው ሲሆን የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚጠይቁ አሉ፤ ይህ ከሕግም ከህሊናም ውጭ ነው። ቤተሰቡ ያለውን ገንዘብ ለኪራይ አስረክቦ ሲጨርስ የተገኘውን ሥራ በተገኘው ዋጋ ከመያዝ ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

የግንባታ ሥራ ተቋራጩ፦
ስለ ተመላሾቹ የተባለው መልካም ነው፣ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን አሠሪ ሁሉ ዋስ ይጠይቃል። ለማናውቀው ሰው ማኅበሩ ዋስ ሆኖ ነገ ንብረት ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? የእድርና የጥበቃ መዋጮ ከፍለን ባጠራቀምነው ገንዘብ ላይ እዳ ሊመጣ አይገባም።

የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኙ፦
ገንዘባዊ ዋስትና ማኅበሩ እንዲሰጥ አልጠየቅሁም፣ ቢጠየቅም እቃወማለሁ። የምለው የምስክርነት ደብዳቤ ነው፤ ሰውየው በየትኛው ብሎክ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር፣ የስደተኛ መታወቂያ እንደያዘ፣ ምዘና ወስዶ እንደሆነም ውጤቱን ይጽፋል፣ ማኅበሩ የንብረት ኃላፊነት እንደማይወስድም በግልጽ ይጠቅሳል። ከዚህ በላይ የሚፈልግ አሠሪ ቢኖር ከራሱ ጋር ይነጋገር። የቀን ሂሳቡን በተመለከተ ደግሞ እርስዎን የመሰለ የሥራውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው የለንም፤ የግንበኛውን፣ የቀለም ቀቢውንና የረዳቱን የወቅቱን የቀን ክፍያ ጽፈው ቢሰጡን፣ ከዚያ በታች ሠራተኛ የሚፈልግ አሠሪ በመዝገባችን አይገባም።

የግንባታ ሥራ ተቋራጩ፦
ዋጋውን ጽፌ እስከ እሑድ ስብሰባ ድረስ አስገባለሁ፤ ወለሉ የእኛንም ልጆች የሚጠብቅ በመሆኑ ነው። ደብዳቤውን ግን ጠቅላላ ጉባኤው ረቂቁን ቃል በቃል ሳያይ ማንም እንዳይፈርም እጠይቃለሁ፤ በዚህ ላይ አቋሜ አልተለወጠም።