የንባብ ክበባችን በኦንላይን እንዴት ይቀጥል? ለቦርዱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የንባብ ክፍል አስተባባሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። የማኅበራችን ቦርድ የንባብ ክፍላችንን የቀጣይ ዓመት ዕቅድ በጽሑፍ እንድናቀርብ ጠይቆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። እኛም በዚያው ወር አዳራሹን ዘግተን ወደ ስክሪን ገባን። ያኔ «ለሁለት ለሦስት ሳምንት ነው» ተባብለን ነበር። ይኸው ዓመት አለፈን።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ አካባቢ ከሠላሳ በላይ እንገባ ነበር። ባለፈው ስብሰባ 11 ነበርን። ከ11ዱም የተናገርነው አራት ብቻ ነን፣ ያውም አንዷ እኔ ነኝ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ክበቡ በእጃችን እያለ ቀስ ብሎ እንዲጠፋብን አልፈልግም።

መነሻ እንዲሆን የጻፍኩት ረቂቅ ይህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እንገናኝ። ስብሰባው ለሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ። ካሜራ ማብራት ለሁሉም ግዴታ ይሁን። በወር አንድ መጽሐፍ እንጨርስ። ቆራርጡት፣ ጨምሩበት። እስከ ሐሙስ ማታ ጊዜ አለን።

ነርሷ አባል፦

አስተባባሪያችን፣ ስለ ልፋትሽ አመሰግናለሁ። ካሜራ ግዴታ ይሁን የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

እኔ የምገባው ከፈረቃ ወጥቼ ነው። የማስኩ ሰንበር ገና ከአፍንጫዬ ላይ አልለቀቀም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያየኝ፣ እኔም የሰው ዓይን ሳይ ነው የምውለው። ማታ የሚተርፈኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። ጋደም ብዬ ስለ መጽሐፉ ስትከራከሩ መስማት ለእኔ ትልቅ እረፍት ነው። አንድ ቀን «እባካችሁ ሁላችሁም ፊታችሁን አሳዩን» ተባለ። ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ ሁለት ስብሰባ ቀረሁ። ለምን ቀረሽ ያለኝ ሰው የለም። ለወቀሳ አይደለም የምጽፈው። የቀረ ሰው እንዲፈለግ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ ለማለት ነው።

የንባብ ክፍል አስተባባሪ፦

እህቴ፣ ይቅርታ። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልደውልልሽ ይገባኝ ነበር።

የቴክኒክ ተጠሪ፦

እህታችን የተሰማት ነገር የብዙ ሰው ስሜት ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ባሳተሙት ጽሑፍ የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም አራት ምክንያት አስቀምጠዋል። አንደኛው፣ ፊቶች በጣም ቀርበው ያለማቋረጥ ዓይን ለዓይን መተያየታችን ነው። ሌላው የራሳችን ምስል ፊታችን መደቀኑ ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማችሁ ብትውሉ አስቡት። ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ መቀመጥም አለ። አራተኛው፣ በአካል ስንገናኝ ሳናስበው የምንረዳውን የፊትና የእጅ ምልክት በስክሪን ላይ ለመረዳት መልፋታችን ነው። ስለዚህ ካሜራ በፍላጎት ይሁን። የሚያበራም ሰው የራሱን ምስል ከራሱ ስክሪን ላይ ቢደብቀው ይቀለዋል። እንዴት እንደሚደረግ እኔ አሳያለሁ።

የዝምታው ጉዳይ ደግሞ ከካሜራ ይበልጥ ያሳስበኛል። ፊት ለፊት ስንጫወት አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀበል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ድምፅ በኢንተርኔት ሲጓዝ ከዚያ የበለጠ ሊዘገይ ይችላል። እናም ሁለት ሰው እኩል ይጀምራል። «ይቅርታ፣ አንተ ቀጥል»፣ «ኧረ አንቺ ቀጥዪ»፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም። ዓይን አፋር ሰው ይህ ሁለቴ ከደረሰበት ለሦስተኛ ጊዜ አይሞክርም። ሰዎቻችን ሐሳብ አጥተው አይመስለኝም ዝም ያሉት። መግቢያ ቀዳዳ አጥተው ነው።

መፍትሔው ስም እየጠራ ተራ የሚሰጥ አወያይ ነው። «አልፋለሁ» ማለትም ይፈቀድ። ቡድኑ ደግሞ ይነስ። ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት ሰው። በ30 ሰው ስብሰባ ውስጥ የሚናገረው ደፋሩ ብቻ ነው።

ዳታንም አትርሱ። ቪዲዮ ከድምፅ ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮውን ማጥፋት ነው፣ ድምፁ ይተርፋል። ቴሌግራም ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ በግሩፕ ውስጥ የድምፅ ውይይት ማድረግ ያስችላል። አብዛኞቻችን ስልክ ላይ ስላለ አዲስ ነገር መማር አይጠይቅም።

ጡረታ የወጡ መምህርት፦

ልጆቼ፣ እኔ ሊንክ መጫን የተማርኩት በዚህ ክበብ ነው። በቤቴ ብቻዬን ነኝ። ሳምንቱን የምቆጥረው በእናንተ ነው። ስለዚህ የምለውን ከልቤ ስሙኝ።

በወር አንድ መጽሐፍ የሚለው ይቅር። ስጋት ላይ ያለ ሰው ንባብ አይገባለትም። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ የማላውቅባቸው ቀናት ነበሩኝ። ያልጨረሰ ሰው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ያለቅነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ጥቂት ሆነን ተሰብስበን ማንም መጽሐፉን እንዳልጨረሰ አወቅን። አንዱ «እንግዲያው ለሌላ ቀን እናድርገው» አለ። እኔ ግን መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበርና ገለጥ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ሁሉም ማይካቸውን ዘጉ። ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት። ወረቀቱን ስገልጥ ኮሽታው ይሰማ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ሳበቃ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንድ ልጅ ማይኩን ከፍቶ፣ «ያቺ ከበሩ ጀርባ የቆመችውን ሴት እኔ ሳነብ ጭራሽ አላየኋትም» አለ። ስለዚያች ሴት አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ለምን አልገባችም? ማንን ነበር የምትጠብቀው? ያን ቀን ያልተናገረ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማንኛውም ስብሰባ በአሥር ደቂቃ የድምፅ ንባብ ይከፈት። አንባቢው በየተራ ይሁን። ያላነበበም ሰው ቢያንስ እነዚያን ገጾች ሰምቷልና የሚናገረው አያጣም። አንድ መጽሐፍ ደግሞ ሁለት ወር ይሰጠው። አጭር ልብ ወለድም በየመሃሉ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ዓይነ ስውሩ አባል፦

መምህራችን፣ ያን ምሽት እኔም ነበርኩ። ለብዙዎቻችሁ አዲስ የሆነው ነገር ለእኔ መደበኛ ንባቤ ነው።

እኔ በስክሪን አንባቢ ነው የምጠቀመው። ፊደሉን ለይቶ በድምፅ ያነብልኛል። ግሩፑ ላይ የሚለጠፉት የገጽ ፎቶዎች ግን ለመሣሪያው ሥዕል ናቸው፣ ፊደል አይደሉም። ዝም ይላል። አወያዩ «ገጽ 40 ላይ ያለውን ፎቶ እዩት» ሲል እኔ ከውይይቱ ወጣሁ ማለት ነው። የምትጠቅሱትን አንቀጽ በጽሑፍ ብትተይቡት፣ ወይም ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ይበቃኛል። እንደ እኔ ላለ አንባቢ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 በማራካሽ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ስምምነቱን የተቀበሉ አገሮች የታተመን መጽሐፍ ማየት ለተሳነው ሰው በሚመች ቅርጽ ማዘጋጀትን በሕጋቸው መፍቀድ አለባቸው። ቦርዱ ይህን እንዲያውቀው በዕቅዱ ውስጥ ይጠቀስ።

ስትናገሩም ስማችሁን አስቀድሙ። «እኔ ነኝ» ብቻ ስትሉ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ካሜራ ያጠፋ ሁሉ ይህ ይጠቅመዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የመምህራችን ሐሳብ ይግባ። እኔ ስለ ሰዓት አንድ ነገር አለኝ።

በነጻ የምንጠቀምበት የቪዲዮ አገልግሎት በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። ይህን እናውቃለን። ግን መጀመሪያውን ሩብ ሰዓት «ይሰማል? ይሰማል ወይ?» በማለት እናባክናለን። ከሁለት ወር በፊት ለወራት ተናግራ የማታውቅ አባላችን በ38ኛው ደቂቃ ማይኳን ከፈተች። የመጽሐፉ እናት የራሷን እናት እንዳስታወሰቻት ነገረችን። እናቷን በዚህ ወረርሽኝ አጥታለች። ቀብሯ ላይ መገኘት አልቻለችም። «የመጨረሻ ቀን በስልክ ያለችኝ…» እያለች ስክሪኑ ጠፋ። ቶሎ ብዬ አዲስ ሊንክ ላክሁ። ሁሉም ተመለሱ፣ እሷ አልተመለሰችም። እስካሁንም አልገባችም።

አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጻፍ። ለውይይት ገደብ የሌለው መንገድ እንምረጥ፣ አለበለዚያ ቦርዱ ክፍያውን ይሸፍን። የድምፅ ፍተሻ ደግሞ ከስብሰባው 15 ደቂቃ በፊት ይሁን። ሁለት ሰዓት የሚለውንም ወደ 75 ደቂቃ እናውርደው። ከዚያ በኋላ መቆየት የሚፈልግ ይቆይ፣ በሩ አይዘጋ።

ሌላው የፒዲኤፍ ነገር ነው። በሕይወት ያሉ ደራስያንን መጽሐፍ ስካን አድርጎ ግሩፕ ላይ መበተን ይቁም። በዓለም አቀፉ የበርን የደራስያን መብት ስምምነት መሠረት የደራሲ መብት ቢያንስ እሱ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ደራስያንም እንደኛው በወረርሽኙ ተጎድተዋል፣ የመጽሐፍ ምረቃው ሁሉ ቀርቶባቸዋል። ይልቅ ገዝተን በየተራ እንዋዋስ። የመብት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍት ከፈለግን እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ነጻ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ አለ። ሊብሪቮክስ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን በድምፅ እያነበቡ በነጻ ያስቀምጣሉ።

ሂሳብ ሹም፦

ክፍያው ላይ ተቃውሞ የለኝም፣ ለአዳራሽ ጽዳት የተያዘው ገንዘብ አልተነካም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አዳራሹ ሲከፈት ኦንላይኑ ይዘጋል አይደል? ዕቅዱ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ቢገባ።

እናቷን የምታስታምም አባል፦

ወንድሜ፣ እባክህ «ጊዜያዊ» አትበል።

እኔ የማኅበሩ አባል ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አዳራሹ ውስጥ የገባሁት ሁለቴ ብቻ ነው። እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት፣ ጥያት መውጣት አልችልም። ሁላችሁም ቤት ስትቀመጡ ነው እኔ ከእናንተ ጋር እኩል የሆንኩት። ያሳዝናል፣ ግን እውነት ነው። አንድ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ፣ ሌላውን ወደ እናቴ ክፍል አድርጌ እሰማችኋለሁ። ስትጠራኝ ማይኬን ዘግቼ እሄዳለሁ፣ ስመለስ ውይይቱ ይጠብቀኛል። አዳራሹ ተከፍቶ ይህ ቢዘጋ ተመልሼ የስም አባል ብቻ መሆኔ ነው።

ሂሳብ ሹም፦

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቃሉን አንስቻለሁ። «አዳራሹ ሲከፈትም ቢያንስ አንድ ቡድን በኦንላይን ይቀጥላል» ይባል። የዚህን ወጪ እኔው ለቦርዱ አስረዳለሁ።

የንባብ ክፍል አስተባባሪ፦

አመሰግናለሁ። የመጀመሪያ ረቂቄን ሳየው አሁን የጎደለው ይታየኛል። ደፋር፣ ዓይናማና ኔትወርኩ ጥሩ ለሆነ ሰው ነበር የጻፍኩት። አዲሱን እነሆ፦

«የንባብ ክፍሉ አባላት ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ባሉባቸው ቡድኖች ይከፈላሉ። ቡድኖቹ በየሁለት ሳምንቱ ለ75 ደቂቃ በድምፅ ይገናኛሉ። ካሜራ በፍላጎት ነው። ስብሰባው በአሥር ደቂቃ የድምፅ ንባብ ይከፈታል። አወያዩ በስም ተራ ይሰጣል፣ ተናጋሪም ስሙን ያስቀድማል። የሚጠቀስ አንቀጽ ተተይቦ ይላካል ወይም ይነበባል። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ወር ይሰጣል። መጽሐፉን ያልጨረሰ አባልም ይመጣል። ሁለት ጊዜ ለቀረ አባል ከቡድኑ አንድ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ይደውላል። ጥሪው ስለ መቅረቱ ሳይሆን ስለ ደኅንነቱ ለመጠየቅ ነው። አዳራሹ ሲከፈትም ቢያንስ አንድ ቡድን በኦንላይን ይቀጥላል።»

ስለ ማራካሹ ስምምነት፣ ስለ ፒዲኤፍ ክልከላውና ስለ አገልግሎት ክፍያው በአባሪ ይገባል። የቀረ ነገር አለ?

ነርሷ አባል፦

«ስለ ደኅንነቱ ለመጠየቅ» የሚለው ላይ እጄን አነሳለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር። የአንዱ ቡድን ሰዓት ማለዳ ይሁን። ሌሊት የሚሠራ ሰው የሚገባው ያኔ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ማለዳውን ጨምሬዋለሁ። ሐሙስ ማታ አስገባዋለሁ። ጥሪውን ግን የቦርዱን ፈቃድ ሳንጠብቅ እንጀምረው። ለብዙ ጊዜ ያልገቡ ሰዎችን ስም ለእያንዳንዳችሁ በውስጥ እልካለሁ።

ጡረታ የወጡ መምህርት፦

ለእኔ ሦስት ስም ላክልኝ፣ ቀን ቀን ጊዜ አለኝ። በ38ኛው ደቂቃ ላይ ለተቋረጠችው ልጅ ግን አንተው ደውል። ስትናገር የነበረችው ለአንተ ጭምር ነው። እንድትመለስ አትለምናት፣ መጽሐፉንም አታንሳባት። እናቷ ምን ብለዋት እንደነበር ጠይቃትና ዝም ብለህ ስማት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እሺ መምህራችን። ዛሬ ማታ እደውላለሁ።